የአደጋ ጊዜ ግራንት ከጅማ ሆኖ ለመጠየቅ፦ ደረጃ በደረጃ

ማመልከቻው ሄዷል። ፈንዱም እሺ ብሏል። ገንዘቡ ግን ባንክ ላይ ተንጠልጥሏል። ለምን? የተቀባይዋ ስም መታወቂያዋ ላይ አንድ ዓይነት፣ የባንክ ሂሳቧ ላይ ሌላ ዓይነት ነው። ጅማ ውስጥ ለሴቶች መብት ከሚታገሉ እህቶች ደጋግሜ የምሰማው ይህን የመሰለ ነገር ነው።

ለፌሚኒስት ታጋዮች ፈጣን ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ፣ የሚሰጡ ፈንዶች በእርግጥም ፈጣን ናቸው። ውሳኔያቸው በቀናት ውስጥ ይደርሳል። ጊዜው የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ በኩል ነው፤ ሰነድ ፍለጋ፣ ስልክ የማያነሳ ዋቢ፣ ያልተስተካከለ ስም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ከ2 እስከ 5 ያሉትን ዛሬ ሥሯቸው። አደጋው እስኪመጣ አትጠብቁ።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩ በእርግጥ ድንገተኛ ነው?

እነዚህ ፈንዶች የሚከፍሉት ላልታሰበና ጊዜው ለሚያልፍ ነገር ነው። አንዱ ዓይነት አደጋ ነው፤ ዛቻ፣ ድብደባ፣ እስር፣ የቢሮ መሰበር። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ድንገት የተከፈተ ዕድል ነው። ለምሳሌ የቆመ የጠለፋ ክስ በድንገት ቀጠሮ ይያዝለታል፤ ምስክሮቹን ከገጠር ቀበሌ አምጥቶ ጅማ ማሳደር ያስፈልጋል። ይህም ያስኬዳል።

አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ወጪ ከሦስት ወር በፊት ማቀድ እንችል ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሌላ ቦታ ጠይቁ። ማርች 8ን ማክበር ድንገተኛ አይደለም። በየዓመቱ የካቲት 29 ነው፣ ማንንም አያስደነግጥም።

የዓመት ደመወዝ፣ ቋሚ የቢሮ ኪራይ፣ ተራ ሥልጠናና የእህል እርዳታ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈኑም። ቀድማችሁ ከኪሳችሁ ያወጣችሁትንም መልሶ የሚከፍል ፈንድ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ «መጀመሪያ ተበድረን እናውጣ፣ በኋላ እንጠይቃለን» አትበሉ። በዚያው ቀን ጻፉ።

ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ማመልከቻው ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ አደጋ ላይ ያለችውን ሴት ከቦታው አውጡ።

ደረጃ 2፦ የምትጠይቁትን ፈንድ አስቀድማችሁ ምረጡ

ለእኛ ቅርብ የሆነው ኧርጀንት አክሽን ፈንድ አፍሪካ ነው። ናይሮቢ ቢሮ አለው፤ ሥራው በአፍሪካ ላሉ የሴቶች መብት ታጋዮች ፈጣን ድጋፍ መስጠት ነው። ተጠንቀቁ፤ ለላቲን አሜሪካ፣ ለእስያና ፓሲፊክ፣ ለሌሎችም አካባቢዎች የሚሠሩ ተመሳሳይ ስም ያላቸው እህት ፈንዶች አሉ። ጎግል ላይ ቀድሞ የሚመጣላችሁ የእኛው ላይሆን ይችላል። «አፍሪካ» የሚለውን ሳታዩ ቅጽ አትሙሉ።

ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ ዋና ቢሮው ደብሊን ነው። ወንድም ሴትም ሳይል ለሰብአዊ መብት ተሟጋቾች የጥበቃ ግራንት ይሰጣል፤ ጣሪያው 7,500 ዩሮ ነው። ቀንና ሌሊት የሚሠራ የአደጋ ስልክም አለው። በዚያ ስልክ የሚያስተናግዱት በእንግሊዝኛ፣ በአረብኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በስፓኒሽ ነው። አማርኛም ኦሮምኛም የለም። ግን ጅማ ውስጥ ከሳውዲ የተመለሱ፣ አረብኛን እንደ ውሃ የሚጠጡ ስንት እህቶች አሉ! ከመካከላቸው የምታምኗትን አንዷን ከአሁኑ አነጋግሯት። የተሰባበረ እንግሊዝኛ ከመናገር የእሷ አረብኛ ይሻላል።

ካምፓላ ያለው ዲፌንድ ዲፌንደርስ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካና የአፍሪካ ቀንድ ተሟጋቾችን ይረዳል። ከአካባቢ ማራቅ፣ ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍ ሲያስፈልግ አስቡት።

ፍሪዳ የተባለው የወጣት ፌሚኒስቶች ፈንድና አክራ ያለው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ ጥሩ ናቸው፤ ግን ለዛሬ ማታ ችግር አይደሉም። ለረጅም ጊዜ ሥራችሁ ያዟቸው።

ለሁለት ፈንድ በአንድ ጊዜ ማመልከት ይቻላል። መደበቅ ግን አይቻልም። እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። «ለእነ እገሌም አመልክተናል፣ እነሱ የሕክምናውን ከሸፈኑ ከእናንተ የምንፈልገው የቤት ኪራዩን ብቻ ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ይህን ያደረገ ሰው ይታመናል።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡ በማን በኩል ይገባል?

የተመዘገበ ማህበር ካላችሁ በማህበሩ ሂሳብ ይግባ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከውጭ ገንዘብ እየተቀበሉ በመብት ጉዳይ መሥራትን ፈቅዷል። «ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ አይቻልም» የሚላችሁ ሰው የድሮውን የ2001 አዋጅ ነው የሚያወራው።

ካልተመዘገባችሁ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የተመዘገበ ድርጅት በሂሳቡ ተቀብሎ እንዲያስተላልፍላችሁ ማድረግ ነው። የምትመርጡት ድርጅት በሴቶች ጉዳይ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል። ከእሱ ጋር የአንድ ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ ለአገልግሎቱ ስንት በመቶ እንደሚወስድ፣ ገንዘቡ ከገባ በኋላ በስንት ቀን እንደሚያስረክብ፣ ደረሰኙ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ ለሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በሚያቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት እናንተን እንዴት እንደሚገልጻችሁ። የመጨረሻውን አትዝለሉት። የተደበቀች ሴት ስም በሰው ሪፖርት ውስጥ ተጽፎ መገኘት የለበትም።

«ዘመዴ ነው፣ ስምምነት ምን ያደርጋል» የሚባለው ነገር ጣጣ አለው። ገንዘቡ ሲገባ ሒሳብ ሹሙ መስክ ላይ ይሆናል፤ ሥራ አስኪያጁ «ቦርድ ይወስን» ይላል። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ያልፋል።

ሁለተኛው መንገድ በግለሰብ ሂሳብ መቀበል ነው። አንዳንድ ፈንዶች በአደጋ ጊዜ ይህን ይፈቅዳሉ፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። ባንኩ የገንዘቡን ምንጭ ሊጠይቅ ስለሚችል ፈንዱ የላከውን የድጎማ ደብዳቤ ይዛችሁ ቅረቡ። ደግሞ ዛቻ የደረሰባትን ሴት ራሷን ተቀባይ አታድርጉ። የምትፈለግ ሰው ቅርንጫፍ ባንክ ውስጥ ተራ ይዛ መቀመጥ የለባትም።

ደረጃ 4፦ ስሙን ፊደል በፊደል አስተካክሉ

ጅማ ላይ ከሌላ ከተማ የሚብሰው ችግር ይህ ነው። ብዙዎቻችን በሁለት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ተጽፈናል። ጫልቱ የምትባል ልጅ በቁቤ ስትጻፍ የስሟ መጀመሪያ «ሲ» ብቻ ነው፤ ከዚያ «ኤ» ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይም «ዩ» ሁለት ጊዜ። የባንኩ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጽፋት ደግሞ «ሲ» እና «ኤች» ብሎ ይጀምርና አናባቢዎቹን አንዳንድ ብቻ ያደርጋቸዋል። ለእኛ ያው ጫልቱ ናት። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ፋጡማም፣ ዘይነባም፣ ጀማልም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ባንክ ሄዳችሁ የሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ አውጡ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል በትክክል እንዴት እንደተመዘገበ የሚያሳይ ይሁን።
2. ከፋይዳ መታወቂያ ወይም ከፓስፖርት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አንብቡ። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ እንዳይጎድል።
3. ልዩነት ካለ አሁኑኑ ቅርንጫፉ ላይ አስተካክሉ።
4. የባንኩን ስዊፍት ኮድ፣ ማለትም ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበትን ኮድ፣ ጠይቁ። 8 ወይም 11 ፊደልና ቁጥር ነው። ከኢንተርኔት አትገልብጡ፤ ባንኩ ራሱ ይጻፍላችሁ።
5. ቅጹ ላይ ስትሞሉ የባንኩን አጻጻፍ ተጠቀሙ። እናንተን ደስ የሚላችሁን አይደለም።

ገንዘቡ ተልኮ ከተመለሰ? ፈንዱን በዚያው ቀን አሳውቁ። የላኩበትን የክፍያ ማረጋገጫ እንዲልኩላችሁ ጠይቁና ይዛችሁ ባንክ ሂዱ። አንዳንዴ ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ማብራሪያ እየጠበቀ ነው። ያ ወረቀት ካለ ፍለጋው ይፈጥናል።

ደረጃ 5፦ ዋቢ ሰዎችን አዘጋጁ

ፈንዱ አያውቃችሁም። ናይሮቢ ተቀምጦ ታሪካችሁ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠው በሰው ነው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ዋቢ ይጠይቃል። ማመልከቻ ከሚወድቅባቸው ምክንያቶች ዋነኛው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ዋቢው ሥራችሁን የሚያውቅ፣ ከቡድናችሁ ውጭ የሆነ፣ ኢሜይል የሚያይና የማይታወቅ የውጭ ቁጥር ሲደወል የሚያነሳ ሰው ይሁን። ትልቅ ስም ያለው ሰው አትፈልጉ። ስልክ የማያነሳ ዶክተር ከሚሆን ስልክ የምታነሳ ጠበቃ ትሻላለች። ቢቻል ከመካከላቸው አንዱ ጅማ ውስጥ፣ ሌላው አዲስ አበባ ይሁን። የከተማው ኔትወርክ ቢቋረጥ አንዱ ይደረሳል።

ዛሬ ደውሉላቸው። «ስምሽን እንሰጣለን፣ ከ254 የሚጀምር የኬንያ ቁጥር ሊደወልልሽ ይችላል፣ ስለ እኛ የምታውቂውን ንገሪያቸው» በሏቸው። ምን እንደሚሉ አታስጠኗቸው። የተጠና ምስክርነት ሰው ይነቃበታል።

ደረጃ 6፦ ታሪኩን ጻፉ

አሁን አደጋው ደርሷል እንበል። ቁጭ ብላችሁ መጀመሪያ በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። በቀጥታ ቅጹ ላይ አትጻፉ፤ መብራት ይጠፋል፣ ገጹ ይዘጋል፣ የጻፋችሁት ሁሉ ይሄዳል።

በፕሮፖዛል ቋንቋ አትጻፉ። ይህ ዓይነቱ አረፍተ ነገር አይጠቅማችሁም፦

«በአካባቢያችን የሴቶች ጥቃት ሥር የሰደደ ችግር ሲሆን ቡድናችን ግንዛቤ በማስጨበጥ ረገድ ከፍተኛ አስተዋጽኦ በማበርከት ላይ ይገኛል።»

ከዚህ ውስጥ ምን ተፈጠረ? መቼ? በማን ላይ? ምንም የለም። እንዲህ ብትሉስ? (ምሳሌው የተፈጠረ ነው።)

«ሚያዝያ 6 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የአንዲት አባላችን መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። እሷ የ15 ዓመት ልጅ በተጠለፈችበት ክስ ምስክር ናት። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ቃሏን እንድትተው በስልክ ተዝቶባታል። ቀጣዩ ቀጠሮ ሚያዝያ 20 ነው። እስከዚያ እሷና ሁለት ልጆቿ ከከተማ ውጭ መሰንበት አለባቸው። ለፖሊስ አመልክታለች፤ የማመልከቻው ቁጥር አለን።»

ምን ደረሰ፣ ለምን በእሷ ላይ፣ ምን ሊከተል ይችላል፣ እስከ መቼ፣ ምን ሞከራችሁ። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ማሳመር አያስፈልግም።

ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱት ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ቀኑ ነው፤ ሚያዝያ 6 ኤፕሪል 14 ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ 8 ቁጥርን እንዳለ ካስቀመጣችሁ አንባቢው በእኛ አቆጣጠር የጠዋት ወይም የምሽት ሁለት ሰዓት የሆነውን አድርጎ ይረዳዋል። ትክክለኛው ግን በእነሱ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2 ሰዓት ነው። ቀኑና ሰዓቱ ከፖሊስ ወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ጥርጣሬ ይገባቸዋል፤ እናንተ ደግሞ ለምን እንደተጠራጠሩ አይገባችሁም።

እንግሊዝኛ ካቃታችሁ ፈንዱ በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚቀበል ገጹ ላይ እዩ። በኤአይ ወይም በጎግል ማስተርጎም ይቻላል፤ ግን ስሞችን፣ የመንደር መጠሪያዎችንና የስልክ ቁጥሮችን አውጥታችሁ በኮድ ተኩ። «አባል ሀ»፣ «ቀበሌ 1» በቂ ነው። ከተተረጎመ በኋላ አንድ ሰው ያንብበው። ጠለፋን የአውሮፕላን ጠለፋ አድርጎ የሚተረጉም ማሽን አለ።

ደረጃ 7፦ በጀቱ ላይ ይሉኝታ አይኑር

እህቶቻችን የሚሳሳቱት ብዙ በመጠየቅ አይደለም፤ ትንሽ በመጠየቅ ነው። «ይህን ያህል ብንጠይቅ ምን ይሉናል» ተብሎ የባጃጅ ይተዋል፣ የካርድ ይተዋል፣ የልጆቹ ወተት ይተዋል። ገንዘቡ ሲመጣ አንድ ሳምንት አይበቃም። ሁለተኛ ለመጠየቅ ደግሞ ሌላ ማመልከቻ ነው።

እያንዳንዱን ወጪ ለብቻው ጻፉ፦ ማረፊያ በቀን ስንት፣ ለስንት ቀን፤ ትራንስፖርት ከየት ወዴት፣ ለስንት ሰው፤ ምግብ፤ ሕክምና፤ የጠበቃ ክፍያ፤ አዲስ ሲም ካርድና ስልክ፤ የቤት ቁልፍና የመስኮት ፍርግርግ። የሥነ ልቦና ምክርንም አስገቡ። የሴቶች ፈንዶች ይህን እንደ ቅንጦት አያዩትም፤ እንዲያውም ካልጠየቃችሁ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

ዋጋውን በብር ጻፉና ጎኑ ላይ በዶላር አስቀምጡ። የየትኛውን ባንክ፣ የየትኛውን ቀን ምንዛሪ እንደተጠቀማችሁ ከታች በአንድ መስመር ግለጹ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ማመልከቻው በተላከበትና ገንዘቡ በገባበት ቀን መካከል ልዩነት ይኖራል። ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያስተላልፍላችሁ ድርጅት የሚወስደው መቶኛና የባንክ ክፍያም በጀቱ ውስጥ ይግቡ። ካልገቡ ከሴትዮዋ ማደሪያ ላይ ነው የሚቆረጡት።

ደረጃ 8፦ ስትልኩ አሻራ አትተዉ

ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ማሳተምና ስካን ማድረግ የተለመደ ነው። ልማዱ እንዲህ ነው፦ «በቴሌግራም ላኪልኝ» ይላችኋል ልጁ። ትልኩለታላችሁ። ያትማል፣ ትከፍላላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ፋይሉ ግን የዛቻውን ዝርዝር፣ የምስክሯን ስምና የተደበቀችበትን ሰፈር እንደያዘ የሱቁ ቴሌግራም ላይ ይቀራል። ከእናንተ ቀጥሎ የሚገባው ደንበኛ ስክሪኑን ያየዋል። ጅማ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው።

ስለዚህ፦

- ሰነዱን በስልክ ካሜራ ስካን አድርጉ። ለዚህ የሚሆኑ ነፃ አፖች አሉ። ማተም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።
- የግድ ከሆነ በፍላሽ ውሰዱ፣ አጠገቡ ቆማችሁ አሳትሙ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተገለበጠውን አስጠፉ።
- ቴሌግራም ላይ ልካችሁ ከሆነ መልእክቱን ስታጠፉ ከእሱም በኩል እንዲጠፋ የሚያደርገውን ምረጡ። ያም ሆኖ ወደ ኮምፒውተሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ።
- ከፈንዱ ጋር ሲግናል በተባለው የመልእክት አፕ አውሩ፤ መልእክት ራሱን እንዲያጠፋ አድርጉ።
- ማመልከቻውን በምትፈለገዋ ሴት ስልክ አትላኩ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ «የማመልከቻ ክፍያ» ወይም «ገንዘቡን ለማስለቀቅ ትንሽ ላኩ» የሚል ሰው ከመጣ አጭበርባሪ ነው። ዝጉት። እነዚህ ፈንዶች ለማመልከት አያስከፍሉም።

ደረጃ 9፦ ከላካችሁ በኋላ

ሁለት ሰው መድቡ። አንዷ ኢሜይል በጠዋትና በማታ ታያለች፤ ስፓም የሚባለውን ሳጥንም ጭምር። ሌላዋ ስልክ ትይዛለች። የፈንዱ ሰዎች ተጨማሪ ጥያቄ መላካቸው የጥሩ ምልክት ነው። በዚያው ቀን መልሱ፤ መልሱ ባይሟላም «ይህኛውን ነገ እንልካለን» በሉ። ዝምታ ፋይሉን ወደ ታች ያወርደዋል።

ናይሮቢና ካምፓላ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ናቸው። ደብሊን በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ከኋላ ነው።

ኢንተርኔት ቢቋረጥስ? በ2012 ሰኔ 23 ሲዘጋ ለሳምንታት ነው የቆየው። ለዚህ ነው ከአገር ውጭ ወይም ቢያንስ ከክልሉ ውጭ ያለች አንዲት የታመነች ሰው የሰነድ ማህደራችሁን ቅጂ የምትይዘው። በስልክ ጥሪ ብቻ «ላኪው» ስትሏት መላክ ትችላለች። ቅጂውን የይለፍ ቃል ቆልፉበት፤ ቃሉን በሌላ መንገድ ስጧት።

ሁኔታው ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ሴትዮዋ ከተያዘች ወይም ሌላ ሰው ከተዛተበት፣ አዲስ ማመልከቻ አትጀምሩ። ያንኑ ፋይል ጠቅሳችሁ አሳውቁ።

ደረጃ 10፦ ገንዘቡ ሲገባ

በባንክ መንዝሩ። «ጥቁር ገበያ ይሻላል» የሚል አማካሪ አይጠፋም። አይሻልም። ሕገ ወጥ ነው፤ እናንተን ዝም ለማሰኘት ምክንያት ለሚፈልግ ሰው በገዛ እጃችሁ ምክንያት መስጠት ነው።

መግባቱን ማወቅ ላለባቸው ብቻ ንገሩ። ዕድር ላይ፣ ቡና ላይ አይወራም።

ደረሰኝ በዚያው ቀን ፎቶ ይነሳ። የማሽን ደረሰኝ ጽሑፉ ቶሎ ይለቃል፤ ሦስት ወር ከርሞ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ባጃጅና የሰው ቤት ማረፊያ ደረሰኝ ስለሌላቸው ቀኑን፣ ምክንያቱንና መጠኑን ጽፋችሁ የከፈለችውንና የተቀበለውን አስፈርሙ። ተቀባዩ ስሙ እንዳይታወቅ ከፈለገ ምን እንደሚቀበሉ ፈንዱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይህን ይረዳሉ፤ በኋላ ሲሰሙት ግን አይወዱም።

እቅድ ከተቀየረ፣ ማለትም ለማረፊያ የተባለው ለሕክምና ካስፈለገ፣ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ መስመር ጻፉላቸው። «ልናዘዋውር ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነው።» ግራንቱ ተለዋዋጭ ነው የሚባለው እንዲህ ሲጠየቅ ነው።

ሪፖርቱ አጭር ነው። ምን አደረጋችሁ፣ ሴትዮዋ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ናት፣ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ፣ ምን ቀረ። የቀረ ገንዘብ ካለ ደብቃችሁ አትጨርሱት፤ ምን እናድርገው ብላችሁ ጠይቁ።

እምቢ ካሉስ?

ምክንያቱን በጨዋነት ጠይቁ። «ከእኛ ዘርፍ ውጭ ነው» ካሉ ወደ ማን እንድትሄዱ እንደሚመክሩ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁማሉ። «ማረጋገጥ አልቻልንም» ካሉ ዋቢዎቻችሁ ጋ ደውሉ፤ ተደውሎላቸው እንደነበር አጣሩ፣ ያላነሳውን ቀይራችሁ መልሳችሁ ላኩ። «ድንገተኛ አይደለም» ካሉ ግን ያንኑ ወረቀት አሳምራችሁ አትመልሱት። ደረጃ 2 ላይ ወዳነሳናቸው የረጅም ጊዜ ፈንዶች ውሰዱት፤ እስከዚያ የማረፊያውን ወጪ የሚሸፍን እቁብ ወይም ዘመድ ፈልጉ።